የሊኑክስ ከርነል ትሬስ ኢቨንት ፓች እንዴት ይገመገማል?

ትሬስ ኢቨንት (ከርነሉ ውስጥ የሆነን ነገር መዝግቦ የሚያሳይ ነጥብ) የሚጨምር ፓች (የኮድ ለውጥ) አብዛኛውን ጊዜ አጭር ነው፤ አንድ ሄደር ፋይል፣ ከዚያም ሲ ፋይሉ ውስጥ ሁለት ሦስት መስመር። አጭር ስለሆነ ገምጋሚው ቶሎ አይቶ ያልፈዋል። ነገር ግን ይህ ኮድ የሚሠራው በሁለት የተለያየ ጊዜ ነው። መረጃው የሚመዘገበው ክስተቱ ሲፈጠር ነው፤ ወደ ጽሑፍ የሚቀየረው ደግሞ ሰው ትሬሱን (መዝገቡን) ሲከፍት ነው። በመካከሉ ሰከንድ ሊያልፍ ይችላል፣ ሰዓታትም ሊያልፉ ይችላሉ። ከርነሉን የሚጥሉት ከባድ ስህተቶች የሚመጡት በምዝገባው ጊዜ መሠራት የነበረበት ሥራ ለንባቡ ጊዜ ሲተው ነው። ስለዚህ እያንዳንዱን መስመር ስታነቡ መጀመሪያ የምትጠይቁት «ይህ የሚሠራው መቼ ነው?» የሚለውን ይሁን።

የማክሮ፣ የፋይልና የትእዛዝ ስሞችን እንደ አነባበባቸው በፊደላችን አስፍረናል፤ ኮዱ ውስጥ ስትፈልጓቸው በላቲን ፊደል ፈልጉ።

ኢቨንቱ ያስፈልጋል ወይ?

ፓቹን በቢ4 (ፓችን ከኢሜይል ዝርዝር የሚያወርድ መሣሪያ) አውርዳችሁ በትክክለኛው ቤዝ ኮሚት (ፓቹ በተጻፈበት የኮድ ሁኔታ) ላይ በጊት ኤኤም አስገቡት። ቤዙ ካልታወቀ ጸሐፊውን ጠይቁ፤ በግምት የተገጠመ ፓች ላይ የሚሰጥ አስተያየት የሁለት ሰው ጊዜ ያባክናል። ስክሪፕትስ ፎልደር ውስጥ ያለውን ጌት ሜንቴነር አስነስታችሁ ፓቹ ለማን መላክ እንደነበረበት እዩ። የአንድ ሰብሲስተም (የከርነሉ ክፍል) ኢቨንት ባለቤቱ ሰብሲስተሙ ነው። የትሬሲንግ ሰዎች የሚያዩት አሠራሩን ነው፤ ኢቨንቱ ይጠቅማል አይጠቅምም የሚለውን የሚወስነው የሰብሲስተሙ ሜንቴነር (ኃላፊ) ነው።

ከዚያ በፊት ግን ይህ ኢቨንት ባይኖር ምን እንደሚቀር አስቡ። ፈንክሽን ትሬሰር (የፈንክሽን ጥሪዎችን የሚመዘግብ)፣ ኬፕሮብ (ከርነሉ እየሠራ የሚተከል መመልከቻ) ወይም ቀድሞ ያለ ኢቨንት መልሱን የሚሰጥ ከሆነ አዲስ መጨመር አያስፈልግም። ፈንክሽን ሲገባና ሲወጣ «ገባሁ፣ ወጣሁ» ብቻ የሚል ኢቨንት መልሱት፤ ያንን ፈንክሽን ግራፍ ትሬሰር ያለ ምንም ፓች ይሠራዋል።

እዚህ ላይ ጥብቅ መሆን የሚያስፈልገው ኢቨንት አንዴ ከገባ ማውጣቱ ከባድ ስለሆነ ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 ከሁሉም ኢቨንቶች ራስጌ ላይ የቢግ ከርነል ሎክ (መላውን ከርነል ይቆልፍ የነበረ ሎክ) ጥልቀት የሚመዘገብበት ፊልድ ወጣ። ሎኩ ራሱ ከከርነሉ ስለተሰናበተ ፊልዱ ምንም ጥቅም አልነበረውም። ሆኖም ፓወርቶፕ (የኃይል ፍጆታ የሚያሳይ ፕሮግራም) የፊልዶቹን ቦታ ኮዱ ውስጥ በቁጥር አስሮ ያነብ ስለነበር ተበላሸ፤ ባዶው ቦታ ተመልሶ እንዲቀመጥ ተደረገ። ሕጉ ቀላል ነው፤ ተጠቃሚ ፕሮግራም የተደገፈበትን ነገር ከርነሉ አይሰብርም፣ ትሬስ ኢቨንትም ከዚህ አያመልጥም። ሰብሲስተሙ ይህን ቃል መግባት ካልፈለገ ሌላ መንገድ አለ፦ በዲክሌር ትሬስ ብቻ የሚታወጅ ባዶ ትሬስፖይንት (ኮዱ ውስጥ ያለ የመመዝገቢያ ጥሪ ቦታ)። ይህ ትሬስኤፍኤስ (ትሬሲንግ የሚታዘዝባቸው ፋይሎች ያሉበት ቦታ) ውስጥ ኢቨንት ሆኖ አይታይም፣ ሞጁል ወይም ቢፒኤፍ (ከርነሉ ውስጥ የሚሮጥ ትንሽ ፕሮግራም) ግን ሊጠጋበት ይችላል። የስኬጁለሩ ሰዎች ለጭነት መለኪያዎቻቸው የመረጡት ይህን ነው።

ቀድሞ ያለ ኢቨንት የሚቀይር ፓች ከሆነ የአርጊውመንቶቹን ቅደም ተከተልም እዩ። እ.ኤ.አ. በ2022 ለ5.18 ሲዘጋጅ ስኬድ ስዊች (ሲፒዩው ከአንድ ታስክ ወደ ሌላ ሲዞር የሚመዘገብ ኢቨንት) ላይ የቀድሞው ታስክ ሁኔታ የሚባል አዲስ አርጊውመንት ከታስክ ፖይንተሮቹ በፊት ገባ። አርጊውመንትን በተራ ቁጥር የሚያነቡ የቢፒኤፍ ፕሮግራሞች ታስክ ፖይንተር ይጠብቁበት በነበረው ቦታ የሁኔታ ቁጥር አገኙ። ማስተካከያው አዲሱን ወደ መጨረሻ ማዞር ብቻ ነበር። አዲስ አርጊውመንት ሁልጊዜ ከኋላ ይግባ፤ ጸሐፊው «ተመሳሳይ ነገሮች አጠገብ ለአጠገብ ቢሆኑ ያምራል» ቢላችሁ አትቀበሉ።

ማክሮውን ከታች ወደ ላይ ማንበብ

ትሬስ ኢቨንት ማክሮ ከስሙ ቀጥሎ አምስት ክፍል አለው፦ ቲፒ ፕሮቶ፣ ቲፒ አርግስ፣ ቲፒ ስትራክት ኢንትሪ፣ ቲፒ ፋስት አሳይን እና ቲፒ ፕሪንትኬ። ሁለቱ የመጀመሪያዎቹ ላይ ስህተት ካለ ኮምፓይለሩ ራሱ ይጮኻል። ንባቡን ከመጨረሻው ጀምሩ፤ አደጋው ያለው እዚያ ነው።

ቲፒ ፕሪንትኬ የሚሠራው በንባብ ጊዜ ነው። ስለዚህ እዚያ ውስጥ ሊነበብ የሚገባው ኢንትሪው ላይ የተቀመጠ ዋጋ ብቻ ነው። ከኢንትሪ ወጥቶ በሌላ ፖይንተር የሚሄድ ማንኛውም ቀስት ስህተት ነው፤ «አሁን ይሠራል» የሚል መከራከሪያም አያድነውም። አንድ የተለመደ ምሳሌ እንይ። ጸሐፊው የዴቫይሱን ፖይንተር በፊልድ ይይዛል፣ ቲፒ ፕሪንትኬ ውስጥ ደግሞ በፐርሰንት ኤስ የዴቫይሱን ስም ያትማል። ሲሞክረው ይሠራል፣ ምክንያቱም ዴቫይሱ አሁንም አለ። ዴቫይሱ ከተነቀለ በኋላ ትሬሱ ሲነበብ ግን ከርነሉ የተለቀቀ ሜሞሪ ያነባል፤ ዕድል ከቀና ቆሻሻ ጽሑፍ ይወጣል፣ ካልቀና ማሽኑ ይወድቃል። ከርነሉ ኢቨንቶችን ሲመዘግብ የፕሪንት ፎርማቱን አይቶ አንዳንዱን እንዲህ ዓይነት ነገር በማስጠንቀቂያ ያሳውቃል፤ ሁሉንም ግን አይዝም፣ ስለዚህ በእሱ አትተማመኑ። የምትጽፉት አስተያየት ይህን ይመስላል፦

«ቲፒ ፕሪንትኬ ውስጥ በዴቭ በኩል ኔም ይነበባል። ይህ መስመር የሚሠራው ትሬሱ ሲነበብ ነው፤ ዴቫይሱ በዚያን ጊዜ ተለቅቆ ሊሆን ይችላል። ስሙን በስትሪንግ ማክሮ አስቀምጡት፣ ፋስት አሳይን ውስጥ በአሳይን ስትር ቅዱት፣ ሲታተም በጌት ስትር አምጡት።»

አሳይን ስትር ላይ አንድ ወጥመድ አለ። እስከ 6.9 ድረስ ሁለት አርጊውመንት ይቀበል ነበር፤ ከ6.10 ጀምሮ አንድ ብቻ ነው፣ ምንጩ ከስትሪንግ ማክሮው ይወሰዳል። ወደ አሮጌ ስቴብል ቅርንጫፍ (እርማት ብቻ ወደሚገባበት የቀድሞ ስሪት) የሚመለስ ፓች በዚህ ምክንያት ኮምፓይል ሳያደርግ ይቀራል። ፓቹ ለስቴብል የታሰበ ከሆነ ይህን ከአሁኑ ንገሩት።

ሁለተኛው የቲፒ ፕሪንትኬ ችግር ከከርነሉ ውጭ ነው። ፐርፍና ትሬስ ሲኤምዲ የሚባሉት የተጠቃሚ መሣሪያዎች ጥሬውን ባይት ወስደው ራሳቸው ያትሙታል፤ እንዴት እንደሚያትሙት የሚያውቁት ደግሞ ፎርማት የሚባለው ፋይል ላይ ካለው የፕሪንት ፎርማት ጽሑፍ ነው። ተራ ማክሮ ተዘርግቶ እዚያ ስለሚደርስ ችግር የለበትም። የከርነል ፈንክሽን ጥሪ ግን ተጠቃሚው በኩል ሊሠራ አይችልም፤ ከርነሉ ውስጥ ያለውን ትሬስ ፋይል ስታነቡ ያማረው መስመር ትሬስ ሲኤምዲ ላይ «ፌልድ ቱ ፓርስ» ብሎ ይወጣል። መፍትሔው ስሌቱን ወደ ፋስት አሳይን ማዞር ወይም ፕሪንት ሲምቦሊክና ፕሪንት ፍላግስ የሚባሉትን መጠቀም ነው። እነዚህ ሁለቱ ላይ ኢነም (ስም የተሰጠው ቁጥር) ከገባ ደግሞ ለየአንዳንዱ ትሬስ ዲፋይን ኢነም የሚል መስመር መኖሩን ፈልጉ። እሱ ከሌለ ፎርማት ፋይሉ ላይ በቁጥር ፋንታ የኢነሙ ስም ይጻፋል፤ ውጭ ያለ ፕሮግራም ደግሞ ያ ስም ስንት እንደሆነ አያውቅም። ዲፋይን የሆነ ቋሚ ግን ይህ አያስፈልገውም፣ ፕሪፕሮሰሰሩ ይተካዋል።

ፋስት አሳይን፦ ምን አይደረግም?

ትሬስፖይንት ከየትኛውም ሁኔታ ሊጠራ ይችላል፤ ኢንተራፕት ውስጥ፣ አንዳንዴም ኤንኤምአይ (ሊታገድ የማይችል ኢንተራፕት) ውስጥ። ኢቨንቱ ዛሬ ከተራ ኮድ ብቻ ቢጠራም ነገ ሌላ ሰው ሎክ ይዞ ይጠራዋል። ስለዚህ ፋስት አሳይን ውስጥ ሎክ መያዝ፣ ሜሞሪ መመደብ፣ መተኛት ወይም የተጠቃሚ ፖይንተር መንካት የለም። ስፒንሎክ ይዞ ቆጣሪ የሚያነብ ፈንክሽን ተጠርቶ ካገኛችሁ ፈንክሽኑን ከፍታችሁ እስከ ታች ተከተሉት። ስሙ «ጌት» ብሎ ስለጀመረ ቀላል ነው ብላችሁ አትለፉት። ነል ሊሆን የሚችል ፖይንተርም እዚሁ ይፈተሻል፤ ብዙ ጊዜ የሚረሳው የስህተት መንገድ ላይ የተጨመረው ጥሪ ነው፣ ምክንያቱም በዚያ መንገድ ስትራክቱ ገና በግማሽ የተሞላ ነው።

መዝገቡ ውስጥ ያለው ቦታ

ከየኢቨንቱ ፊት 8 ባይት የጋራ ራስጌ አለ፤ የኢቨንቱ መለያ፣ ፍላጎች፣ የፕሪኤምፕት ቆጣሪ እና ፒአይዲ። ሪንግ በፈሩ (ኢቨንቶቹ የሚከማቹበት፣ ሲሞላ የቆየውን የሚተካው ሜሞሪ) ደግሞ የራሱን 4 ባይት ይጨምራል፤ 27 ቢቱ ካለፈው ኢቨንት ወዲህ ያለው የጊዜ ልዩነት ነው። ስለዚህ ጊዜን፣ ሲፒዩን ወይም የካረንትን (በዚያ ጊዜ የሚሠራውን ታስክ) ፒአይዲ እንደገና የሚመዘግብ ፊልድ ትርፍ ነው፣ አስወጡት። ፒአይዲ የሚገባው ኢቨንቱ ስለ ሌላ ታስክ ሲሆን ነው፤ ለምሳሌ ማን ማንን እንደቀሰቀሰ ሲመዘገብ።

ከዚያ ክፍተቶቹን እዩ። አንድ ፓች ፊልዶቹን እንዲህ አሰልፏል እንበል፦

ስቴት፣ ዩ8፦ ኦፍሴት 8፣ ሳይዝ 1
አድር፣ ዩ64፦ ኦፍሴት 16፣ ሳይዝ 8
ኪው፣ ዩ8፦ ኦፍሴት 24፣ ሳይዝ 1
ሌንግዝ፣ ዩ64፦ ኦፍሴት 32፣ ሳይዝ 8

ከስቴት በኋላ 7 ባይት፣ ከኪው በኋላ 7 ባይት ባዶ ነው፤ ጠቅላላው 40 ባይት ይሆናል። ሁለቱ ዩ64ዎች ቀድመው ሁለቱ ዩ8ዎች ቢከተሉ 32 ባይት ይበቃል። በሰከንድ 1 ሚሊዮን ጊዜ ለሚነሣ የኔትወርክ ኢቨንት ይህ በየሰከንዱ 8 ሜጋባይት ማለት ነው፤ በፈሩ ቶሎ ይሞላል፣ የምትፈልጉት የቆየ ኢቨንትም ይሰረዛል። ይህን በዓይን ማስላት አያስፈልግም፤ ከርነሉን አስነስታችሁ የኢቨንቱን ፎርማት ፋይል ክፈቱ፣ ኦፍሴቶቹ ተጽፈው ታገኟቸዋላችሁ። ቀድሞ የገባ ኢቨንት ላይ ግን ለቦታ ብላችሁ ፊልድ አታዘዋውሩ፤ የፓወርቶፕን ነገር አስታውሱ።

ለጽሑፍ የተመደበ ቋሚ አሬይም ይታይ። 64 ባይት የቻር አሬይ ለዴቫይስ ስም ከተመደበ፣ አራት ፊደል ላለው ስም ሁሉም 64ቱ ይበላል። ስትሪንግ ማክሮው የሚወስደው 4 ባይት አመልካች (ግማሹ ኦፍሴት፣ ግማሹ ርዝመት) እና ጽሑፉን ከማብቂያው ዜሮ ጋር ነው፤ እዚህ 9 ባይት። አንድ ኢቨንት ከአንድ ሰብ በፈር (የሪንግ በፈሩ አንድ ክፍል) ሊበልጥ አይችልም፤ ይህ በተለመደው አሠራር 4096 ባይት ገጽ ሆኖ ራስጌው ከላዩ ላይ ይቀነሳል። ከዚያ የሚበልጥ ኢቨንት ያለ ምንም ድምፅ ይጣላል። ስለዚህ ርዝመቱ ከውጭ የሚመጣ ዳይናሚክ አሬይ ካያችሁ ጣሪያ እንዲበጅለት ጠይቁ።

ፖይንተር ራሱን መመዝገብ የሚፈቀድበት ጊዜ አለ፤ ሁለት ኢቨንቶችን ለማዛመድ ይጠቅማል። ሲታተም በፐርሰንት ፒ ይሁን፣ ፐርሰንት ፒኤክስ አይሁን። ይሁን እንጂ አድራሻው የሚደበቀው ሲታተም ብቻ ነው፤ ጥሬው በፈር ውስጥና ተቀድቶ በሚወጣው ፋይል ውስጥ እውነተኛው አድራሻ አለ። መለያ ቁጥር ካለ እሱ ይሻላል። ቁልፍ፣ የይለፍ ቃል ወይም የተጠቃሚ መረጃ ይዘት ግን በምንም መልኩ አይመዘገብም።

ኢቨንቱ ሲጠፋ ያለው ዋጋ

ያልበራ ትሬስፖይንት ርካሽ ነው። በኤክስ86 ላይ ምንም የማይሠራ አንድ ኖፕ ትእዛዝ ብቻ ሆኖ ይቀመጣል፤ ሲበራ ወደ ዝላይ ይቀየራል። ይህ ርካሽነት የሚበላሸው ጸሐፊው አርጊውመንቱን ከጥሪው በፊት በተለየ መስመር ሲያሰላ ነው። ለምሳሌ ሊስት እየዞረ የሚቆጥር ሉፕ ከትሬስ ጥሪው በላይ ካለና ውጤቱ ለትሬሱ ብቻ ከሆነ፣ ትሬሲንግ ጠፍቶም ሉፑ ይሠራል። ወደ ፋስት አሳይን ማግባት ከተቻለ ይግባ፤ ካልተቻለ «ትሬስ» ብሎ ጀምሮ በኢቨንቱ ስም አልፎ «ኢኔብልድ» ብሎ በሚያበቃው ፈንክሽን ታጥሮ ይቀመጥ። ሄደር ውስጥ ባለ ኢንላይን ፈንክሽን ላይ የተቀመጠ የትሬስ ጥሪም አትቀበሉ፤ በሚጠራበት ቦታ ሁሉ ኮዱን ያብጠዋል፣ የሄደር መጠላለፍም ያመጣል። ለዚያ ትሬስፖይንት ኢኔብልድ የሚባለውና በሲ ፋይል የሚቀመጥ አጋዥ ፈንክሽን አሉ።

ተመሳሳይ ፊልድ ያላቸው ኢቨንቶች በአንድ ፓች ከመጡ ለየብቻ አይታወጁ። እያንዳንዱ ሙሉ ትሬስ ኢቨንት ጥቂት ኪሎባይት ኮድና ዳታ ይወልዳል። ዲክሌር ኢቨንት ክላስ አንዴ ተጽፎ ዲፋይን ኢቨንት ለየስሙ ቢደገም አብዛኛው ጋራ ይሆናል።

ሄደሩ ላይ ሦስት ነገር ብቻ ተመልከቱ፦ ትሬስ ሲስተም በትክክል መሰየሙን፣ መጠበቂያው ኢፍ ላይ ትሬስ ሄደር መልቲ ሪድ መኖሩን፣ ዲፋይን ትሬስ የሚባለው ፋይል ከመጠበቂያው ውጭ መጨረሻ ላይ መካተቱን። ክሪኤት ትሬስ ፖይንትስ በአንድ ሲ ፋይል ብቻ፣ ሄደሩ ከመካተቱ በፊት ይታወጃል። ቼክፓች (የኮድ አጻጻፍ መፈተሻ ስክሪፕት) በእነዚህ ሄደሮች ላይ ስለ ክፍተትና ቅንፍ የሚያወጣውን ቅሬታ ችላ ማለት ትችላላችሁ፤ ማክሮው የራሱ አሰላለፍ አለው። ጥርጣሬ ሲኖር ከርነሉ ራሱ ውስጥ ሳምፕልስ ስር ያለው የትሬስ ኢቨንትስ ናሙና ሄደር ከማንኛውም ማብራሪያ ይሻላል።

ማስነሣትና መሞከር

ኮዱን በሦስት ኮንፊግ ኮምፓይል አድርጉ፦ ትሬሲንግ በርቶ ድራይቨሩ አብሮ የተሠራበት፣ ድራይቨሩ ሞጁል የሆነበት፣ ትሬሲንግ ጨርሶ የጠፋበት። ሦስተኛው ብዙ ጊዜ ይረሳል፤ ትሬሲንግ ሲጠፋ ብቻ የሚታይ የኮምፓይል ስህተት የሚወጣው እዚያ ነው።

ከዚያ ካሳን (የተለቀቀ ሜሞሪ ንባብን የሚይዝ መፈተሻ) እና ፕሩቭ ሎኪንግ (የሎክ አጠቃቀም መፈተሻ) የበሩበትን ከርነል በቨርቹዋል ማሽን አስነሡ። ትሬስኤፍኤስ ሲስ/ከርነል/ትሬሲንግ ላይ ይገኛል። ኢቨንትስ ፎልደር ውስጥ በሰብሲስተሙና በኢቨንቱ ስም ገብታችሁ ኢኔብል ፋይል ላይ 1 ጻፉ፣ ሥራውን አስኬዱ፣ ትሬስ ፋይሉን አንብቡ። ማሽኑ ሲነሣ ብቻ የሚታይ ኢቨንት ከሆነ በከርነሉ ትእዛዝ መስመር ትሬስ ኢቨንት የሚለውን ፓራሜትር ስጡት። ፊልተሩንም ሞክሩ፤ አሉታዊ ሊሆን የሚችል ዋጋ አንሳይንድ ተብሎ ከታወጀ «ከዜሮ ያነሰ» የሚለው ፊልተር ምንም አያወጣም፤ ይህ ስህተት በንባብ ብቻ ብዙም አይያዝም።

ቀጥላችሁ በትሬስ ሲኤምዲ ቅዱና የወጣውን ፋይል ይህ ከርነል ወደሌለበት ሌላ ማሽን ወስዳችሁ ሪፖርት አድርጉ። ሁለቱ ውጤቶች መስመር በመስመር ሊገጥሙ ይገባል። የሕይወት ዘመን ችግር የጠረጠራችሁ እንደሆነ ቅደም ተከተሉን ገልብጡት፦ መዝግቡ፣ ኢቨንቱን አጥፉ፣ ዴቫይሱን ንቀሉ ወይም ኔምስፔሱን ዝጉ፣ ከዚያ ብቻ ትሬሱን ክፈቱ። ካሳን ከተናገረ ማስረጃው በእጃችሁ ነው፤ ሪፖርቱን አስተያየቱ ላይ ለጥፉት። ቀድሞ ያለ ኢቨንት ከተነካ ደግሞ የፊቱንና የኋላውን ፎርማት ፋይል በዲፍ አወዳድሩ። በመጨረሻ ቱልስ/ቴስቲንግ/ሰልፍቴስትስ/ኤፍትሬስ ውስጥ ያለውን ኤፍትሬስቴስት በሩት መብት አስኬዱ።

ፓቹ የሪንግ በፈሩን ኮድ ራሱን የሚነካ ከሆነ ይህ ሁሉ አይበቃም። በየሲፒዩ ያለው በፈር ያለ ሎክ የሚጻፍ ሲሆን በተራ ኮድ የተጀመረ ጽሕፈት በሶፍት ኢንተራፕት፣ በሃርድ ኢንተራፕትና በኤንኤምአይ ሊቋረጥ ይችላል። እያንዳንዱን መስመር «እዚህ ላይ ኤንኤምአይ ቢገባስ?» እያላችሁ አንብቡ። ሪንግ በፈር ስታርታፕ ቴስት የሚለውን ኮንፊግ አብሩ፤ ማሽኑ ሲነሣ ለ10 ሰከንድ ያህል በፈሩን ያስጨንቀዋል።

አስተያየቱ

የግድ መስተካከል ያለበትን ከምርጫ ለዩ። «ይህ የተለቀቀ ሜሞሪ ያነባል» እና «ስሙ ቢያጥር ደስ ይለኛል» በአንድ ድምፅ ከተጻፉ ጸሐፊው ቀላሉን አስተካክሎ ዋናውን ይረሳል። የግድ የሆነውን አስቀድሙ፣ የሚወድቅበትን ቅደም ተከተል ጻፉ፣ ምርጫ የሆነውን «ሌላ ዙር ካለ» ብላችሁ ለዩት።

ሁለተኛው ዙር ሲመጣ ሙሉውን እንደገና ከማንበብ በፊት በጊት ሬንጅ ዲፍ ከመጀመሪያው ጋር አስተያዩት፤ ያልጠየቃችሁት ለውጥ የሚታየው በዚህ ነው። ቀድሞ በሌላ ኮሚት የገባ ስህተት የሚያስተካክል ከሆነ ፊክስስ የሚለው መስመር ከ12 ፊደል የኮሚት መለያ ጋር መኖሩን አረጋግጡ። ሪቪውድ ባይ (ገምግሜዋለሁ የሚል ፊርማ) የምትሰጡት ሁሉንም መስመር ካያችሁና ጥያቄዎቻችሁ ከተመለሱ ብቻ ነው። አስነሥታችሁ ከሞከራችሁ ቴስትድ ባይ ጨምሩ፣ በምን ኮንፊግና በምን ሥራ እንደሞከራችሁም በአንድ መስመር ጻፉ። ማክሮውን ብቻ አይታችሁ ሰብሲስተሙን ካላወቃችሁ ደግሞ «የትሬሲንጉን ክፍል ብቻ አይቻለሁ» ብላችሁ በግልጽ አስፍሩ፤ ሜንቴነሩ ቀሪውን ማን እንዲያይ መፈለግ እንዳለበት ያውቃል።